ቅኔ ቤትና ክላስ
«የሀገር በቀል ቅኝ አገዛዝ» በተባለው ሐሳብ ላይ የቀረበ ሂስ

አገራችን ቅኝ አልተገዛችም። ይህን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እየሰማን ነው ያደግነው፤ የካቲት 23 በመጣ ቁጥርም እንደግመዋለን። እውነትም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የአድዋን ታሪክ ሁለተኛ ደረጃ ስንደርስ ያጠናነው በእንግሊዝኛ ነው። የተፈተነውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ከአራት ምርጫ አንዱን በማጥቆር ነው። ጣሊያንን ያሸነፈው ገበሬ ከመቃብሩ ተነሥቶ የልጅ ልጁን ደብተር ቢገልጥ፣ ስለ ራሱ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም። አንባቢ ቢያገኝለት እንኳ ሰምቶ አይረዳውም። ታዲያ ይኼ ምን ይባላል? ቅኝ መገዛት ካልሆነ ስሙ ማን ነው?

ስም ያወጣለት ሰው አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ስም መመርመር ነው፤ የት ድረስ እንደሚያስኬደን፣ የት ላይ ደግሞ እንደሚያቆመን።

ሀ. መጽሐፉና ክሱ

ይርጋ ገላው ወልደየስ በአውስትራሊያ በከርቲን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ኢትዮጵያዊ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ሬድ ሲ ፕሬስ ያሳተመለት መጽሐፍ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሀገር በቀል ቅኝ አገዛዝ፦ ትምህርትና በኢትዮጵያ ባህል ላይ የሚፈጸም የጥቃት ኢኮኖሚ» የሚል ይሆናል። የክሱ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ኢትዮጵያን የውጭ ኃይል በጉልበት ገዝቶ ትምህርቷን አልቀየረባትም። የቀየሩባት የራሷ ልሂቃን ናቸው። የምዕራቡን ተቋም፣ ሕግና ትምህርት የሥልጣኔ ብቸኛ መንገድ ነው ብለው ገለበጡት፤ ለዘመናት የቆየውን የአገሩን ዕውቀት ግን «ኋላ ቀር» ብለው ከበር መለሱት። ስለዚህ ቅኝ ገዢው ነጭ መሆን የለበትም። የገዛ ወንድምህ ሊሆን ይችላል፤ ዲግሪ ይዞ ይመጣል።

ደራሲው ይህን ሲል በአየር ላይ አይደለም። መስኩ ላሊበላ ነው። በአንድ በኩል የቤተ ክህነቱን ተማሪ፣ በሌላ በኩል የዘመናዊውን ትምህርት ቤት ተማሪ ኑሮና ስሜት መነሻ አድርጎ ነው የሚሟገተው። ምርጫው ጥሩ ነው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሳይነጋገሩ የሚኖሩበት ቦታ ከላሊበላ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል። ልጁ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የቋጥኝ ሕንጻ ወርሶ የሚኖር የሊቃውንት ልጅ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክላስ ሲገባ ግን ምንም የማያውቅ ባዶ እንስራ ሆኖ ይቆጠራል። አንድ ልጅ በአንድ ቀን ሁለት ሰው!

ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ ይህን ባዶ እንስራ የማድረግ ነገር ከባንክ ጋር አመሳስሎታል፤ መምህሩ ገንዘብ አስቀማጭ፣ ተማሪው ካዝና። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መጽሐፍ፣ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ኪኩዩ ሲናገር የተገኘ ተማሪ እንደሚገረፍና የውርደት ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ አንገቱ ላይ እንደሚንጠለጠልበት መስክሯል። ለኬንያ ነገሩ ግልጽ ነው፤ እንግሊዞች ገብተው ነበርና። የኛ ግን የሚገርመው እንግሊዝ ሳይገባ ሰሌዳውን መስቀላችን ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች አማርኛ ሲያወራ የተያዘ ሕፃን ይቀጣል። ወላጅም ቅር አይለውም፤ እንዲያውም የከፈልኩት ለዚህ ነው ይላል። እዚህ ላይ የደራሲው ስያሜ ዓይናችንን ከፍቶልናል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ቅሬታ ግን እዚሁ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። የአገር ዕውቀት ተገፋ የሚለው ይህ መጽሐፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ የታተመው በአሜሪካ ነው። የሚሟገትላቸው የኔታ አያነቡትም። ደራሲው ይህን ያጣዋል ብለን አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ዓለም በሌላ ቋንቋ የጻፈውን ሰው አይቆጥረውም፤ ይህም ራሱ ክሱን ያጠናክረዋል። ቢሆንም ቁስሉ ቁስል ነው።

ለ. ተራራውና ገበያው

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራሮች ወገብ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ አሸተን ማርያም አለች። ከቋጥኝ የተፈለፈለች ገዳም ናት። ንጉሥ ላሊበላ አስጀምሯት ነአኩቶ ለአብ እንደ ፈጸማት በትውፊት ይነገራል። ወደዚያ የሚወጣው በእግር ወይም በበቅሎ ነው፤ አቀበቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ብዙ ሰው ሩቅና ጥንታዊ የሆነ ቦታ ከገበያ የተጠበቀ ይመስለዋል። አሸተን ግን የሚያስተምረን ተቃራኒውን ነው። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ ገበያው እስከ ተራራው አፋፍ ወጥቷል። ከቱሪስት ጋር የሚወጡት ልጆች እንግሊዝኛ የሚማሩት ከክላስ ሳይሆን ከመንገዱ ነው። ሰላምታው፣ የተጫዋች ስም፣ «እስክሪብቶ»፣ «መጽሐፍ ግዛልኝ»። ቋንቋው ለመሸጥና ለመለመን የሚበቃ ያህል ነው፤ ለመከራከር አይበቃም።

ከዚያ የባሰው ደግሞ የብራናው ነገር ነው። ካህኑ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥተው፣ ሥዕሉን ገልጠው፣ ለካሜራ ያሳያሉ። አንፈርድባቸውም፤ ገዳሙ መኖር አለበት። ግን አስተውሉ፤ ሥዕል ያለበት ገጽ ነው የሚገለጠው። ጽሑፉን የሚጠይቅ የለም።

ደራሲያችን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሌላ ጽሑፍ በምዕራባውያን ተቋማት የተያዙትን የኢትዮጵያ ብራናዎች መቃብር ውስጥ ከተቀመጠ ሕያው አካል ጋር ያመሳስላቸዋል። ምሳሌው ለወሎ ልጅ ሩቅ አይደለም። መቅደላ ከላስታ ብዙ አትርቅም። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ካሸነፉ በኋላ ከመቅደላ የዘረፉትን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተመዝግቧል። ከተዘረፉት ብራናዎች 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ ሁላችንም እንፈርምበት። ግን አንድ ጥያቄ እንጨምር። ነገ ጠዋት 350ዎቹ ተጭነው ቢመጡ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ስንታችን እናነባቸዋለን? ለንደን ያለው ብራና ተቆልፎበት፣ አሸተን ያለው ለፎቶግራፍ ተገልጦ፣ ሁለቱም ሳይነበቡ ከቀሩ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ዕውቀትን ቅርስ ብሎ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ አንዱ የመግደያ መንገድ ነው። እናም «ባህላችንን እንጠብቅ» የሚለው መፈክር ብቻውን መቋቋም አይሆንም። ገበያውም ይኸንኑ ነው የሚለው።

ሐ. ቅኔ ቤት ሽምደዳ ነው ወይ?

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የቤተ ክህነት ትምህርት ሲነሣ ከኛ መካከል ብዙው «ሽምደዳ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በከፊል እውነት አለው። በንባብ ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፤ ትርጉሙን ሳያውቅ 150ውን መዝሙር በቃሉ ይዞ የሚወጣ ሞልቷል። ያውም በግዕዝ። ልብ በሉ፤ ግዕዝም ለላስታ ገበሬ ልጅ የአፍ መፍቻው አይደለም። ከቤቱ የሚሰማው ቋንቋ አይደለም። እንዲህ ከሆነ በግዕዝ የሚሸመድደው ልጅና በእንግሊዝኛ የሚሸመድደው ልጅ በምን ይለያያሉ? «አንዱ የኛ ነው፣ ሌላው የባዕድ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን መልስ አይሆንም።

መልሱ ያለው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ፣ ቅኔ ቤት ውስጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ላስታ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በቅኔ ስማቸው ከሚጠሩት ሦስት ቤቶች፣ ከጎንጅ፣ ከዋሸራና ከዋድላ፣ ዋድላ የላስታ ጎረቤት ናት። በዚያ ቤት ያለው ሥርዓት እንዲህ ነው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ይማራል። የኔታ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ምሥጢሩን ይፈታሉ፣ መንገዱን ያሳያሉ። ከዚያ ተማሪው ብቻውን ወደ ጫካው ወይም ወደ ተራራው ጥግ ሄዶ ይቆጥራል፤ ማለትም የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ከዚያ በኔታ ወይም በአስነጋሪው ፊት ይናገራል። ስሕተቱ እዚያው ይታረማል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ።

ትልቁ ሕግ የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አለመደገሙ ነው። የሌላ ሰው ቅኔ የራስ ተደርጎ አይባልም። ለዛሬው በዓል ዛሬ የተፈጠረ አዲስ ቅኔ ይፈለጋል። እስኪ በኛ ቋንቋ እንተርጉመው። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ አንድ «ኦሪጂናል» ሥራ ያስረክባል፤ መምህሩ ፊት ቆሞ ይከላከላል፤ የተሰረቀ እንደሆነ ወዲያው ይታወቅበታል። እኛስ? አራት ዓመት ሙሉ በሀንድአውት ተምረን፣ ሀንድአውቱን መልሰን ጽፈን፣ መመረቂያ ጽሑፋችንን ካለፈው ዓመት ተመራቂ ቀድተን እንወጣለን። ታዲያ ሸምዳጁ ማን ነው? ኋላ ቀሩስ ማን ነው? «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው፤ በቅኔ አገር አንድ ገጽ የራሱን ሐሳብ መጻፍ የሚያስጨንቀው ትውልድ ተፈጠረ።

ከዚህ የምናገኘው መለኪያ ከ«የኛ» እና «የባዕድ» ይሻላል። ግዕዝ የማንም የአፍ መፍቻ ሳይሆን የተማሪው ንብረት የሚሆነው ስለሚፈጥርበት ነው። በግዕዝ ይቀልድበታል፣ ይሳደብበታል፣ በሰሙ ንጉሥን እያመሰገነ በወርቁ ይወጋበታል። እንግሊዝኛ ግን ለአብዛኞቻችን እስከ ምረቃ ድረስ የምንቀበልበት እንጂ የምንሰጥበት አልሆነም። ቅኝ የተገዛ አእምሮ ማለት የባዕድ ቋንቋ የሚያውቅ አእምሮ አይደለም፤ በየትኛውም ቋንቋ መቀበል ብቻ የተፈቀደለት አእምሮ ነው። የመጽሐፉ ደራሲ የአገር በቀሉን ትምህርት ዋጋ ሲያስረዳ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የዋጋው ምንጭ ጥንታዊነቱ ብቻ አይደለም። ተማሪውን ፈጣሪ ማድረጉ ነው። ይህን ለይተን ካልያዝን ዳዊት ማስደገምን ከቅኔ መዝረፍ ጋር አንድ ላይ አቅፈን፣ ሽምደዳውንም «መቋቋም» ብለን እናመሰግነዋለን።

ስለ ገበያም አንድ ነገር እናንሣ። የቅኔ ተማሪ ክፍያ አልነበረበትም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየቤቱ የሚያገኘው ቁራሽ ስኮላርሺፑ ነው። መንደሩ ልጁን ባያውቀውም ያበላዋል። ዘመዱ ማን እንደሆነ፣ ስንት ብር እንዳለው አይጠየቅም። በዚህ በኩል ቅኔ ቤት ዛሬ ካለው የግል ትምህርት ቤት ይልቅ ለድሃ ልጅ ክፍት ነበር። ግን እናጋንን አይባልም፤ የሚለምነው ልጅ ውሻ ይነክሰዋል፣ ረኀብና በሽታም ይጥለዋል። የደብሩ ሊቃውንት የሚኖሩበት መሬት ደግሞ ገበሬው የሚገብርበት መሬት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሲያነሣ ለገበሬው እፎይታ፣ ለደብሩ ትምህርት ግን ድንገተኛ ረኀብ ሆነ። ሁለቱንም አንድ ላይ ማየት ግዴታችን ነው።

መ. አራተኛ ክፍል

አሁን የመጽሐፉን ስያሜ ወደ ኋላ የሚጎትት አንድ ታሪክ እናምጣ። እውነተኛው ቅኝ ገዢ ኤርትራን በያዘበት ዘመን ለአገሬው ልጅ የፈቀደው እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አስተርጓሚ፣ ተላላኪና ወታደር ይፈልጋል፤ የሚጠይቅ ሰው ግን አይፈልግም። ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላም በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ ፋሺስቱ ለይቶ የጨፈጨፈው የተማረውን ነው፤ ዘመናዊ የተማረውንም ወጣት፣ የደብረ ሊባኖስን መነኰሳትም። ለቅኝ ገዢው ሁለቱም አደገኛ ነበሩ። ይህ ለሁለቱ ጎራ ተሟጋቾች ትልቅ ትምህርት ነው።

ከ30 ዓመት በላይ አለፈ። በ1964 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት ቀረበ። ጥናቱ ከተማ ከተማውን የሚያደላውን ትምህርት ነቅፏል፤ ትምህርቱ ከገበሬው ኑሮ ጋር ይገናኝ ብሏል። ቃሉ ያማረ ነው። መፍትሔው ግን ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ የሚያልፈውን ቁጥር በኢኮኖሚው አቅምና ፍላጎት መወሰን ነበር። እንደገና አራተኛ ክፍል! መምህራን ገባቸው። ወላጆችም ገባቸው። «የገበሬ ልጅ ገበሬ ሆኖ ይቅር ማለት ነው» አሉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ተማሪው ወጣ፣ ባለታክሲውም በቤንዚን ዋጋ ተነሣ። መንግሥት ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። የዘውዱ ሥርዓት ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ይህ ታሪክ የሚነግረን ነገር ምንድን ነው? በዚያ ወር ድሃው የተከላከለው ያንኑ «የምዕራብ ግልባጭ» የተባለውን ትምህርት ቤት ነው። ግልባጭ መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ግልባጩ የልሂቃኑ ልጆች መውጫ ደረጃ እንደሆነ አይቶ፣ ደረጃው ለኔም ልጅ ይድረስ ነው ያለው። «ከኑሮህ ጋር የሚስማማ ትምህርት ተማር» ሲሉት ኑሮውን የመረጠለት ማን እንደሆነ ጠየቀ። ስለዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘመናዊውን ትምህርት በሙሉ «ሀገር በቀል ቅኝ አገዛዝ» ብለን ከዘጋነው፣ ነገ አንዱ ባለሥልጣን ወይም አበዳሪ ድርጅት ተነሥቶ «እንግዲያውስ ገበሬው በባህሉ ይቆይ» ቢል መልሳችን ምን ሊሆን ነው? የባህል ቋንቋ የመደብን አጥር መሸፈኛ ሊሆን ይችላል።

ያም ትምህርት ቤት ቢሆን የራሱን አመፀኞች ወልዷል። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብና መንግሥት ሲደብቅ፣ ወሬውን አውጥተው በፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ ያሳዩት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ነበሩ። የኮሌጅ ቀን የግጥም መድረክም እዚሁ ነው የተፈጠረው። ግን እዚያ መድረክ ላይ ማን እንደቆመ ተመልከቱ። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ደሃው ይናገራል» ሲል፣ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) በ1959 ዓ.ም. «በረከተ መርገም»ን ሲያሰማ፣ ወግና ሥርዓቱ ከፈረንጅ ብቻ አልመጣም። ገሞራው የግዕዝንና የቅኔን ጉልበት ይዞ ነው ክላስ የገባው። የዚያ ትውልድ ግጥም ስለት የወጣው ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰው ውስጥ ሲጋጩ ነው። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይወጣም ነበር።

የዛሬው ሁኔታ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። «ተማሪው ሰነፍ ነው» የሚል ሰው በዚህ ቁጥር ላይ ይቀልዳል። ከመቶ 96ቱ የሚወድቅበት ትምህርት ቤት ራሱ ነው የወደቀው። በላስታና በአካባቢዋ ደግሞ የ2013ቱ ጦርነት ላሊበላ ድረስ ደረሰ፤ ከ2015 ወዲህ ባለው ግጭትም በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆኑ። ገንዘብ ያለው ልጁን ወደ ከተማ፣ ወደ ግል ትምህርት ቤት ላከ። የሌለው ቀረ። አራተኛ ክፍል ያለ አዋጅ ተመለሰ ማለት ነው።

ሠ. በዛብህና ጉዱ ካሳ

ነገሩን ከራሳችን ሥነ ጽሑፍ አንጻር እንየው፤ ይህ መጽሔት የሥነ ጽሑፍ ነውና። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ፍቅር ብቻ የተጻፈ የሚመስለው ካለ እንደገና ያንብበው። መጽሐፉ ስለ ትምህርትም ነው። በዛብህ የድሃ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት። ቅኔ ተምሮ ይመራል። ትምህርቱ የፊታውራሪ መሸሻን ደጅ ይከፍትለታል፤ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል። ግን ትምህርቱ በሩን እንጂ እልፍኙን አይከፍትለትም። ዕውቀቱ ቢደነቅም ዘሩ ያው የድሃ ዘር ነው። እዚህ ላይ የአገር በቀሉ ትምህርት ጣሪያው ይታያል። ልጁን ሊቅ ያደርገዋል፤ ሊቁን ግን እኩል ሰው አድርጎ የሚቀበል ማኅበረሰብ አይፈጥርለትም።

ከጎኑ ጉዱ ካሳ አለ። ሥርዓቱ የተበላሸ፣ ሊፈርስ የደረሰ መሆኑን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነው፤ ስለዚህ እብድ ተባለ። ጉዱ ካሳ አውሮፓ አልሄደም፣ ማርክስን አላነበበም። ትችቱን ያገኘው ከዚያው ከአገሩ ዕውቀት ውስጥ ነው። «ባህላዊ ትምህርት ታዛዥ ብቻ ነው የሚያወጣው» ለሚለው ሰው ጉዱ ካሳ መልስ ነው። «ባህላዊው ሁሉ ቅዱስ ነው» ለሚለው ደግሞ ያው ጉዱ ካሳ መልስ ነው፤ የፈረደበት ያው ባህላዊው ማኅበረሰብ ነውና። ከ50 ዓመት በላይ ቀድሞ የወጣ ልቦለድ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጎራ መልስ መስጠቱ ያስደንቃል። «ሀገር በቀል ቅኝ አገዛዝ» የሚለውን ሐሳብ የምናነብ ሁሉ ይህን ልቦለድ ከጎኑ አድርገን ማንበብ አለብን። አንዱ ከውጭ የመጣውን ግድግዳ ያሳየናል፤ ሌላው ከውስጥ የነበረውን።

ባህል ስንልም የአንድ ወገን ብቻ አናድርገው። ወሎ የቅኔ ብቻ አገር አይደለም። ዳና፣ ጌታ፣ ጃማ ንጉሥ የእስልምና ሊቃውንት መፍለቂያ ናቸው። በዐረብ ፊደል በአማርኛ የተጻፈው መንዙማ የዚያ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው። በሥነ ጽሑፍ ኮርሳችን ስንት ሰዓት ተሰጠው? እንደዚሁ ቅኔ ቤት ለወንድ ልጅ የተከፈተውን ያህል ለሴት ልጅ አልተከፈተም። ዓይነ ስውሯ የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የቅኔ መምህር ሆነው ስንት ሊቅ አስተምረዋል። እሳቸውን እየጠቀስን «ይኸው ሴትም ተምራለች» እንላለን። አንዲት ሴት በታሪክ ስሟ ተለይቶ የሚነሣው ግን ሌሎቹ ስላልገቡ አይደለምን?

ረ. እንግዲህ ምን ይሁን?

የመጽሐፉ ደራሲ ትልቅ ውለታ ውሎልናል። ያልታወቀውን በሽታ ስም ሰጥቶታል፤ ስም የሌለው በሽታ አይታከምም። የምንለየው በመድኃኒቱ ነው። በሽታው የባዕድ ትምህርት መምጣቱ ብቻ አይደለም። አንደኛው ትምህርት ቤት የድሃውን ልጅ ደጅ ላይ ማስቀረቱ ነው፤ ሁለተኛው የገባውንም ልጅ ተቀባይ ብቻ አድርጎ ማስቀረቱ ነው። የ1966ቱ መምህራን የመጀመሪያውን ተዋጉ። ሁለተኛውን የሚዋጋው የዋድላው የኔታ ነው፤ ማንም ሳያውቅላቸው። እስካሁን ሁለቱን ያገናኘ የለም።

ስለዚህ ወደ አሸተን ወጥተን ደበሎ እንልበስ አንልም። እንዲህ የሚል ሰው ፎቶግራፍ ሊነሣ ነው የሚወጣው። የምንለው የቅኔ ቤቱን ሕግ ወደ ክላስ እናውርድ ነው። በዚህ ዓመት መምህሮቻችንን ሦስት ነገር መጠየቅ እንችላለን። በየሳምንቱ አንዳንድ ገጽ የራሳችንን ጽሑፍ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በሌላው ቋንቋችን፣ በክላስ ፊት አንብበን እንድንታረም ይደረግ። የቅኔ መምህርና የመንዙማ አዋቂ ለቅርስ ቀን ትርኢት ሳይሆን እንደ ማንኛውም መምህር ደመወዝ ተቆርጦላቸው ይጋበዙ። ግዕዝና ዐጀም ማንበብ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ በምርጫ ሳይሆን በግዴታ ይሰጥ፤ ብራናው ከለንደን በመጣ ጊዜ የሚያነበው ሰው ይገኝ ዘንድ።

«በጀት የለም» ይሉን ይሆናል። የመጀመሪያው ምንም በጀት አይጠይቅም። አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶ፣ የሚያዳምጥ ጓደኛና የማይምር መምህር ይበቃል። ከፈለጋችሁ መምህሩን እንኳ አንጠብቅ። በመጪው ቅዳሜ ይህን ጽሑፍ የሚቃወም ሰው ተቃውሞውን ጽፎ ይምጣና ያንብብ። የተቀዳ ካልሆነ እንሰማዋለን።